የደሴ መንገድ አምስት ስሞች

አዲስ አበባ፣ ቦሌ
እሑድ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ባለቤቴ፣ ለወይዘሮ ዘርፌ
ደሴ

የጾሙ ድካም ሳይጸናብሽ፣ የጉልበትሽም ሕመም ጋብ ብሎልሽ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስሽ ምኞቴ ነው። እኔና ልጃችን ምንትዋብ በአካል ደህና ነን። ስለ ቀረው ደህንነታችን ግን አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺው ብትፈርጂ ይሻላል።

ደብዳቤውን በፖስታ ያልላክሁት አውቄ ነው። የእህትሽ ልጅ ሙሉአለም ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ስለሚነሣ በእጁ ያመጣልሻል። ኤንቨሎፑን ካሸግሁ በኋላ በመክደኛው ላይ በአግድም እፈርምበታለሁ። ፊርማው ተዛንፎ ካገኘሽው ከአንቺ በፊት ሌላ ሰው አንብቦታል ማለት ነው። ሙሉአለምን አልጠረጥረውም። ቢሆንም እፈርምበታለሁ።

እናትሽን ለማስታመም ወደ ደሴ ከሄድሽ ሰባት ዓመት ሆነ፤ እናትሽ ካረፉ ደግሞ አራት። ለምን እንዳልተመለስሽ ጠይቄሽ አላውቅም፤ አንቺም ጽፈሽልኝ አታውቂም። ስለ ዝናቡና ስለ ዘመድ ጤና ስንጻጻፍ ኖረናል። የዛሬው ደብዳቤ የዚያ ዓይነት እንዳይደለ ከውፍረቱ ሳትረጂው አትቀሪም።

ከመኪናዋ ልጀምር። በጥቅምት ወር ለልጃችን የላክሽላትን የውክልና ወረቀት አውቃለሁ። በቤታችን ሣጥን ቁጥር ሳይሆን በመሥሪያ ቤቷ አድራሻ መምጣቱ ከእኔ እንዲሰወር መታሰቡን ለመረዳት በቂ ማስረጃ ነበር። ወንድምሽ አያሌው ከመወሰዱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሊብሬውን ወደ አንቺ ስም አዙሮት ስለነበር፣ መኪናዋን ለፈለግሽው ሰው መስጠት መብትሽ ነው፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። የከነከነኝ እናትና ልጅ እኔን ፈርታችሁ መጻጻፋችሁ ነው። ምን ያደርጋል ብላችሁ ነበር የፈራችሁት? ይህን ጥያቄ በጥቅምት ወር በቁጣ ነበር የምጠይቀው። ዛሬ መልሱን ስለማውቀው ቁጣው የለም።

ያቺ ትንሽ ፊያት ሰይቼንቶ ስምንት ዓመት ሙሉ በግቢያችን የኋላ ጥግ ሸራ ለብሳ መቆሟን ታስታውሻለሽ። እኔ በየጠዋቱ በአጠገቧ ሳልፍ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ነበር የማልፈው። ምንትዋብ አንድ ቅዳሜ ሸራውን ገፍፋ ጣለችው። አቧራው ሲበተን እኔ በረንዳው ላይ ነበርሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኋት።

«ላስነሣት ነው።»

«ለምን?»

«ልነዳት ነዋ፣ አባባ! መኪና ለሌላ ለምን ይሆናል?»

«በዚህ ጊዜ የራሱ መኪና ያለውን ወጣት የት ልትሄድ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም።»

«እስካሁን የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የሕንፃ ንድፍ ስትሠራ ውላ ወደ ቤት ስትመጣ የሥራ ልብሷን ቀይራ ከመኪናዋ ሥር ትገባለች። በሕይወቷ የእኔ የምትለው የመጀመሪያ ነገር ይህች የዛገች ቆርቆሮ ናት። ወለሏ ተበልቶ መሬቱ ይታይ ነበር፤ በኋላ ወንበሯ ውስጥ አይጥ ቤት ሠርታ ልጅ አሳድጋበታለች። ላግዛት ብዬ የፊቱን ክዳን ብከፍት ሞተር የለም። «ሞተሩን ሰርቀውሻል!» ብዬ ጮኽሁ። ለካ የዚህች መኪና ሞተር ከኋላ ነው። ልጅሽ ሦስት ቀን ሙሉ ሣቀችብኝ፤ ከመሥሪያ ቤቷም ለባልደረቦቿ ሳታወራው አልቀረችም። እኔም ስቄአለሁ። ነገር ግን ልብ በይልኝ፤ ያልገባኝን ነገር ሳይ ቀድሞ የመጣልኝ ሐሳብ ስርቆት ነበር።

በኅዳር ወር መካኒክ ይዛ መጣች። ገብረሃንስ ይባላል፤ ከሾላ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር አነስተኛ ጋራዥ አለው። ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ አጭር፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ሙያውን የተማረው በልጅነቱ አስመራ ውስጥ ከአንድ ጣሊያን ዘንድ ነው። ከሥራ በፊት ቱታውን አጥፎ በወንበር ላይ ያስቀመጠበትን መንገድ አይቼ ጨዋ ሰው መሆኑን ገምቻለሁ፤ ጨዋነቱም አጠራጠረኝ። ረጅም ካቻቢቴ አወጣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ምንትዋብን በእጅ እንድታዞረው አዘዛት። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

«ሞታለች?» አለችው።

«አልሞተችም። አኩርፋለች።»

«መኪና ያኮርፋል?»

«ስምንት ዓመት ማንም ዘወር ብሎ ሳያያት! አንቺ ብትሆኚስ?»

ይህን የተናገረው ለእሷ ነው፤ እኔ ግን ጋዜጣዬን ከፍ አድርጌ ፊቴን ሸፈንሁ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜውና በየእሑዱ ይመጣ ነበር። አንድ ደንብ አለው፤ ብሎኑን የፈታችው እሷ ከሆነች የምታጠብቀውም እሷ ናት። ከእጇ ነጥቆ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ካርቡራተሩን በእኔ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና በላምባ አጥባ ስትጨርስ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየውና «ድገሚ» ይላታል፤ ትደግማለች። እኔ የወለድኋት ያን ያህል ታዝዛኝ አታውቅም። ወለሉ በአዲስ ላሜራ ተበየደ፣ ፍሬኑ ተሠራ፤ ልጅሽም የመኪናዋን ገላ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ ፍቃ ከዝገቱ ሥር ያንን ያያሌውን ሰማያዊ ቀለም አገኘችው። ያገኘችው ዕለት ጠርታ አሳየችኝ። አየሁትና «ጥሩ ነው» ብዬ ገባሁ።

በጥር ወር የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ገሰሰ «ለሰላምታ» መጣ። ሰላምታውን በአጭሩ ጨርሶ ወደ ጥጉ ተመለከተ።

«ጓድ ዳኛ፣ ያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ሰውዬ ዘመድ ነው?»

«መካኒክ ነው።»

«መካኒክነቱንማ አየነው። አነጋገሩ የሰሜን ነው መሰለኝ?»

«ጣሊያንኛም ይችላል» አልሁት።

አልሣቀም። «ለእርስዎ አስቤ ነው። ከእርስዎ ቤት የሚገባና የሚወጣ ሰው የእርስዎን ስም ይዞ ነው የሚወጣው» ብሎኝ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ከበራችን ትይዩ አንድ ሎተሪ ሻጭ ዱካ መቀመጫውን ዘርግቶ ተቀመጠ። በዚያ መንገድ ሎተሪ የሚገዛ እግረኛ እንደማያልፍ አንቺም ታውቂያለሽ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴን በችሎት ዓይን ማየት ጀመርሁ። ምንትዋብ የቤንዚን ኩፖን ከባልደረቦቿ እየለመነች ታጠራቅማለች፤ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ሁለት ጀሪካን ሞልታ በጆንያ ሸፍናለች። ስገባ ወሬያቸውን የሚያቋርጡ መሰለኝ። ባያቋርጡ ደግሞ ስለማልሰማው ነገር የሚያወሩ መሰለኝ። በጾሙ መግቢያ፣ መጋቢት 7 ቀን እሑድ፣ እነሱ ግቢ ውስጥ ሲሠሩ የመሣሪያ ሣጥኑ ክዳን ውስጥ አንድ ታጥፎ የተቀመጠ ወረቀት አገኘሁ። ፈልጌ ነው ያገኘሁት፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። የገብረሃንስ እጅ ጽሑፍ ነው፤ እንዲህ ይላል፦

«ደብረ ብርሃን፣ ኣባይ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ደብረ ሲና፣ መኩሪያ። ሸዋ ሮቢት፣ ስብሓት፤ ማታ አይገኝም። ከሚሴ፣ ሁሴን። ኮምቦልቻ፣ ትልቁ ተስፋይ። የትም ብትደርሺ ከገብረሃንስ ነኝ በይ፤ ሌላ አይጠይቁሽም።»

ዘርፌ፣ ሠላሳ ዓመት በዳኝነት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ከዚህ ወረቀት ባነሰ ማስረጃ ምን ሲፈረድ እንዳየሁ አልነግርሽም። አምስት ከተማ፣ አምስት ሰው፣ አንድ የመግቢያ ቃል፣ ሁለት ጀሪካን ቤንዚን። የደሴ መንገድ ደግሞ ደሴ ላይ አያበቃም፤ ወደ ሰሜን ይቀጥላል፤ ከኮምቦልቻም ወደ ባሕሩ ይታጠፋል። ልጄ ልትኮበልል ነው ወይም ሰው ልታሸሽ ነው፤ ይህ ሰውም እጇን ይዞ እየመራት ነው ብዬ ደመደምሁ። ወረቀቱን በደረት ኪሴ ከተትሁት።

ልጄን በቀጥታ ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። ከበረንዳው እስከ መኪናዋ ሃያ እርምጃ ነው። ያልጠየቅኋት አዎን ብትለኝ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ነው።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ በአንድ ስብሰባ የሻይ ዕረፍት ላይ ኣምደሚካኤልን አገኘሁት። ቀድሞ የችሎቴ ጸሐፊ የነበረ፣ ኋላ ስለ ሰዎች ወደሚያጣራ መሥሪያ ቤት የተዛወረ ሰው ነው። እስከ ዛሬ ሲያየኝ ከመቀመጫው ይነሣል።

«በኮተቤ መንገድ ገብረሃንስ የሚባል መካኒክ አለ» አልሁት። «ስለ እሱ የምታውቀው ነገር ይኖር ይሆን?»

«ጌታዬ ምን ሰምተው ነው?»

«ምንም። ለማወቅ ያህል ነው።»

ስኳሩን አማሰለ። «ገባኝ» አለኝ።

ምን እንደገባው አልጠየቅሁትም። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ በጣቴ ዳሰስሁት፤ አላወጣሁትም። በዚህ ጉዳይ ከሠራሁት ሁሉ የማላፍርበት ይህ አንዱ ብቻ ነው። ወደ ቢሮዬ ስመለስ በጥንቃቄ የሠራሁ፣ ማንንም ያልነካሁ መስሎ ተሰምቶኝ ነበር። ከሳሽ አልሆንሁ፣ ምስክር አልሆንሁ። አንዲት ጥያቄ ብቻ።

ቅዳሜ ገብረሃንስ ቀረ። ቀርቶ ስለማያውቅ ምንትዋብ እስከ አራት ሰዓት ጠብቃ «ልሂድ» አለች፤ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኋት። በታክሲ ሄድን። ጋራዡ ተዘግቷል። ከበሩ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ፈሂማ የምትባል ሴት አለች፤ ምንትዋብን ስታያት ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ቆመች።

«ወሰዱት፣ እኅቴ። ጠዋት ነው። ሻዩን እንኳ አልጨረሰም።»

«ምን አደረገ ብለው?»

«ምንም አላደረገም! አንዱን ጠየቅሁት፤ ልጅ እግሩን። ከላይ ጥያቄ መጥቶበት ነው አለኝ። ትልቅ ሰው ነው የጠየቀው አለኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ኮቴን፣ ክራቫቴን አየች። «አባቴ፣ እርስዎ አዋቂ ይመስላሉ። ትልቅ ሰው የጠየቀበት ሰው ይመለሳል?»

«ይጣራል» አልኋት።

ቤት እንደደረስን ምንትዋብ ወደ መሣሪያ ሣጥኑ ሮጠች። ቁልፎቹን፣ ብሎኖቹን፣ ጨርቁን ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፈች። ወረቀቱን እንደምትፈልግ ገብቶኛል። ቆሜ አየኋት፤ ከዚያ ከደረት ኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላት።

«እኔ ዘንድ ነው።»

ተንበርክካ እንዳለች ቀና ብላ አየችኝ። «ለማን አሳዩት?»

«ለማንም።»

«ስለ እሱ ለማን ተናገሩ?»

ዝምታዬ ምን እንደነገራት አየሁ።

«መካኒኮች ናቸው» አለችኝ፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አምስቱም ጋሽ ገብረሃንስ ባደገበት ጋራዥ ያደጉ ናቸው። እሱ የሠራት መኪና መንገድ ላይ ብትቆም የሁሉም ነውር ነው፤ በደረሰችበት ያነሷታል፤ ሒሳብ አይቀበሉም። ለደንበኞቹ ሁሉ ነው እንዲህ ጽፎ የሚሰጣቸው። ሰይቼንቶዋ ጣርማ በር ላይ ብትሞቅብኝ ማን ይድረስልኝ? ለፋሲካ እማማ ጋ ልሄድ ነበር፣ አባባ። መኪናዋ ስትነሣ ልነግርዎት ነበር።»

ሠላሳ ዓመት ያየሁት ልማድ ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር። እኔ የማውቀው የስም ዝርዝር ግን ሌላ ነው።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ስትሄድ ቆም አለችና ሳትዞር «ለአጎቴም እንዲሁ ጠይቀውለት ነበር?» አለች። መልስ አልጠበቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳና እራት ታቀርብልኛለች፣ ደህና አደሩ ትለኛለች፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አልነበረንም።

ሰኞ ኣምደሚካኤል ቢሮ ሄድሁ፤ እንደ ልማዱ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ለዚያ መካኒክ ዋስ ልሆን መጥቻለሁ» አልሁት።

ግራ ገባው። «ጌታዬ፣ ያመለከቱበት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«አላመለከትሁም። ጠየቅሁህ እንጂ።»

«እርስዎን የመሰለ ሰው እኮ እንዲሁ አይጠይቅም» አለኝ። ምፀት አልነበረበትም። «ለወጉ አይደለም የነገሩኝ ብዬ ነው። ምንም ባያውቁበት ስሙን ከየት አወጡት?»

እንዲህ ሲባል አንድ ሺህ ጊዜ ሰምቼ መዝግቤዋለሁ፤ ለእኔ ሲባል ግን የመጀመሪያዬ ነው። ጉዳዩ «ከላይ» ስለተባለ ብቻውን መልቀቅ እንደማይችል ነገረኝ። ስድስት ጊዜ ተመላለስሁ። በመጨረሻ ቅጹን ከፊቴ አስቀምጦ እጁን በላዩ ላይ አሳረፈ።

«ከመፈረምዎ በፊት ይወቁት፤ ስምዎ ከእሱ ስም ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ይገባል። ነገ ቢጠፋ እርስዎን ነው የምንይዘው። ሳይጠፋም ቢሆን ለምን ፈረመ ይባላል።»

«ይባል» ብዬ ፈረምሁ። ባለፈው ሳምንት ሰኔ ላይ ጡረታ እንደምወጣ በቃል ተነግሮኛል፤ ገና ሁለት ዓመት ይቀረኝ ነበር። በዚህ አትዘኚልኝ። የነገርሁሽ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ነው።

ገብረሃንስ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ተለቀቀ። ከስቷል። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ ምንትዋብ ስትጠይቀው «ብርድ ነው» አላት። በመጀመሪያው ቅዳሜ እንደ ቀድሞው ቱታውን በክንዱ ይዞ መጣ፤ በቀጥታ ወደ በረንዳው ወጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ። ክንዱን ይዤ አነሣሁት።

«እግዚኣብሄር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። ማን እንደጠቆመብኝ አላውቅም፤ እሱን ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ። እርስዎ ባይፈርሙልኝ ግን አጥንቴም አይገኝ ነበር። ልጆቼ ስምዎን በጸሎት ያነሣሉ።»

ምንትዋብ ከመኪናዋ አጠገብ ካቻቢቴውን እንደያዘች ቆማ ታየን ነበር። ልናገር አፌን ከፈትሁ።

«ምንም አይደለም» አልሁት።

ዘርፌ፣ ያን ምስጋና ተቀበልሁ። አንድ ቀን እነግረዋለሁ ብዬ እዚህ ላይ ጽፌልሽ ነበር፤ መልሼ ሰረዝሁት፤ ከስረዛው ሥር ማንበብ ትችያለሽ። ብነግረው ሸክሙ የሚቀለው ለእኔ ነው፤ እሱ ደግሞ ፊቱን የሚያዞርበት አንድ ሰው ይጨመርበታል እያልሁ ራሴን አሳምናለሁ። ራሴን ሳሳምን ስንት ጊዜ እንደያዝሁት ስለማውቅ ይህንንም አላምነውም።

መኪናዋ ትናንት ተነሣች። ገብረሃንስ ቁልፉን አልነካም፤ «ባለቤቷ ትግባ» አለ። አራት ጊዜ አስነጠሰች፤ በአምስተኛው ግቢው በጭስ ተሞላ፤ ልጅሽ መሪውን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ በሩን ከፍተን የቦሌን መንገድ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ደርሳ ተመለሰች። ሎተሪ ሻጩ ከዱካው ተነሥቶ አጨበጨበላት። ለምን እንዳጨበጨበ እስካሁን ልረዳው አልቻልሁም። ምናልባት መኪናዋ ስላማረችው ብቻ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ሐሳብ መልመድ ያስፈልገኛል።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በር ላይ መኪናዋን አቁማ ጠበቀችኝ፤ እንድገባ በሩን ከፈተችልኝ። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ነበር። ሞተሩን አላስነሣችም።

«ሰኞ፣ በሆሳዕና ማግስት፣ ደሴ እሄዳለሁ» አለችኝ። «የይለፍ ወረቀቱን ለሁለታችንም አውጥቻለሁ። ቦታ አለኝ።»

ከወር በኋላ የሰማሁት ረጅሙ ንግግሯ ነበርና ደስታዬን መሸሸግ አቃተኝ። «እመጣለሁ» አልኋት።

«ግን እማማ አስቀድማ ትወቅ። ሳታውቅ ከበሯ አላደርስዎትም።»

«ምኑን ትወቅ?»

«እሱን እርስዎ ያውቁታል፣ አባባ። እኔ አላውቀውም፤ ጠረጠርሁ እንጂ። ጥርጣሬን ከማን እንደወረስሁ ያውቃሉ።»

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ይህ ነው።

በ1970 ዓ.ም. አያሌው በተወሰደ ሰሞን፣ በመኝታ ቤታችን ደፍ ላይ ቆመሽ «አንተ ምን አደረግህለት?» ብለሽኝ ነበር። «ጠይቄለታለሁ» አልሁሽ። እጄን ይዘሽ አመሰገንሽኝ። አልዋሸሁሽም፤ በእርግጥ ጠይቄ ነበር። ወደ እሱ ዘንድ የሚመላለሱት ወጣቶች አስግተውኝ፣ ለአንቺና ለምንትዋብም ፈርቼ፣ ሊረዳን ይችላል ብዬ የገመትሁትን አንድ ሰው በጨዋ ቃል፣ ለማወቅ ያህል ጠየቅሁት። መቼ እንደጠየቅሁ ግን አንቺም አልጠየቅሽኝ፤ እኔም አልነገርሁሽ።

የጠየቅሁት ሰኞ ዕለት ነበር። አያሌውን የወሰዱት ሐሙስ ነው።

ከዚህ በታች ማብራሪያ ልጽፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድሁ። ማብራሪያ የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚፈልግ ከወንበሬ ላይ ብዙ አይቻለሁና ይቅርብኝ። ይቅርታ የሚለውን ቃልም እዚህ አልጻፍሁትም፤ ቃሉ በደብዳቤ የሚላክ አይደለም፤ ፊትሽ ቆሜ ልናገረው ካልፈቀድሽልኝም አይገባኝም።

ምንትዋብ ሚያዝያ 20 ቀን ሰኞ ማለዳ ትነሣለች። አምስቱ ሰዎች በያሉበት እንዲጠብቋት ገብረሃንስ አዲስ ወረቀት ጽፎላታል፤ ስለዚህ መንገዷ አያስጋሽ። በሩን ክፈቺላት፤ መኪናዋንም በቀን ብርሃን እይላት፤ ሰማያዊዋን በጣም ለፍታባታለች። ለእኔ ደግሞ የምትፈቅጂልኝ ከሆነ እስከ እሑድ ድረስ በቴሌግራም አንዲት ቃል ላኪልኝ፤ «ና» የምትለው ትበቃኛለች። ቴሌግራሙ ባይደርሰኝ ፖስታ ቤቱን አልጠረጥርም። ልጄን እስከ ላምበረት እሸኛትና ከዚያ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ።

የሕማማቱን ሳምንት በብርታት አሳልፎ ለብርሃነ ትንሣኤው በጤና ያድርስሽ። የወንድምሽን ነፍስ በደጋጎቹ ዕቅፍ ያኑርልን። ይህን ጸሎት ለእሱ ጽፌ ስልክልሽ ዛሬ የመጀመሪያዬ እንደሆነ አውቃለሁ።

አክባሪሽ ባለቤትሽ
ረታ ገብረወልድ